ከውጭ ጠንካራ፣ ከውስጥ ቻይ፦ የብረትን ገጽ በሙቀትና በካርቦን የማጠንከር ዝርዝር መመሪያ

አንድ ፐርኖ (ክብ የብረት ማያያዣ) ወይም የማርሽ ጥርስ የሚሠራው ሥራ ሁለት የሚቃረኑ ጠባዮችን ይጠይቀዋል። ገጹ ከሌላ ብረት ጋር ሲፋተግ እንዳይበላ እጅግ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ውስጡ ደግሞ ድንገተኛ ምት ሲያርፍበት ከመሰበር ይልቅ ምቱን ችሎ እንዲያልፍ ለዘብ ያለ መሆን ይኖርበታል። እስከ ውስጡ ድረስ የጠነከረ ብረት ሲመታ ይሰበራል፤ እስከ ገጹ ድረስ ለስላሳ የሆነ ብረት ደግሞ ብዙ ሳያገለግል ተፍቆ ያልቃል። ገጽን የማጠንከር ሥራ እነዚህን ሁለት ጠባዮች በአንድ አካል ላይ አብረው እንዲኖሩ ማድረግ ነው።

ይህ መመሪያ የሚያተኩረው ዝቅተኛ ካርቦን ያለውን አረብ ብረት በከሰል በተሞላ ዝግ ሳጥን ውስጥ አግሎ ገጹን ካርቦን በመመገብ፣ ከዚያም በመንከር (የጋለውን ብረት በፈሳሽ ውስጥ በድንገት በማቀዝቀዝ) እና በማለዘብ (መልሶ በመጠኑ በማሞቅ) በሚከናወነው ዘዴ ላይ ነው። የጋዝ መቆጣጠሪያ ያለው ምድጃ በሌለበት አነስተኛ ወርክሾፕ በጥንቃቄ ሊሠራ የሚችለው ይህ ነው። ሥራው ሲበላሽ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሚጫነው በመንከሪያው ውሃ ወይም ዘይት ላይ ነው። በእኔ እምነት ግን አብዛኛው ስህተት የሚፈጸመው ብረቱ ወደ መንከሪያው ከመድረሱ በፊት ነው፤ ይኸውም ገጹ ምን ያህል ካርቦን እንደጠጣ፣ ካርቦኑስ ምን ያህል ጥልቀት እንደደረሰ ሳይታይ በግምት ወደሚቀጥለው ደረጃ ሲታለፍ ነው። ስለዚህ በመመሪያው ውስጥ "የምስክር ዘንግ" ስለሚባለው፣ ከዕቃው ጋር አብሮ ሳጥን ገብቶ በየመሃሉ እየወጣ ስለሚመረመረው ትንሽ ቁራጭ ደጋግሜ አነሣለሁ። ውጤትን ለማሻሻል ከሁሉ የቀለለውና ከሁሉ የሚዘነጋው መንገድ እሱ ነው።

በብረቱ ውስጥ የሚሆነው ነገር

የነከሩት ብረት የሚደርስበት ጥንካሬ ከሁሉ በላይ የሚወሰነው በካርቦኑ መጠን ነው። 0.2 ከመቶ ካርቦን ያለው ብረት ፍጹም በሆነ ሁኔታ ቢነከር እንኳ በሮክዌል ሲ የጥንካሬ መለኪያ ከ45 አካባቢ አይዘልም፤ 0.8 ከመቶ ያለው ግን ወደ 65 ይጠጋል። ስለዚህ ለስላሳውን ብረት ደጋግሞ እያጋሉ ውሃ ውስጥ መክተት ከንቱ ድካም ነው። የጎደለው ካርቦን ነውና መጀመሪያ ካርቦኑን መስጠት ያስፈልጋል።

ካርቦን እንዲገባ የሚፈቅደው ሙቀት ነው። ለስላሳ ብረት በቀዝቃዛነቱ በአብዛኛው ፌራይት በሚባል የአተሞች አደራደር የተሠራ ሲሆን፣ ፌራይት በ727 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንኳ ከ0.022 ከመቶ በላይ ካርቦን ሊያሟሟ አይችልም። ሙቀቱ ከፍ ሲል አተሞቹ ኦስቴናይት ወደተባለው አደራደር ይለወጣሉ፤ ይህኛው በ925 ዲግሪ ላይ ከ1 ከመቶ በላይ ካርቦን ይሸከማል። ሥራው ከ900 እስከ 930 ዲግሪ ባለው ሙቀት የሚከናወነው በዚህ ምክንያት ነው። ከሰሉ ግን ካርቦኑን በቀጥታ በመንካት አይሰጥም። በሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር ከከሰሉ ጋር ተዋህዶ መጀመሪያ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ቀጥሎ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይፈጥራል፤ ሞኖክሳይዱ በጋለው ገጽ ላይ ሲበታተን አንድ የካርቦን አተም ለብረቱ ይተውና ራሱ ዳይኦክሳይድ ይሆናል፤ ይህም ተመልሶ ከከሰሉ ጋር ሲገናኝ እንደገና ሞኖክሳይድ ይሆናል። ተሸካሚው ጋዝ ስለሆነ ሳጥኑ በሚገባ መታሸጉ የግድ ነው።

ብረቱ ሲነከር ካርቦኑ ለመውጣት ጊዜ ስለማያገኝ አተሞቹን አጣሞ በመካከላቸው ይቀራል፤ ማርቴንሳይት የተባለው ጠንካራ አካል የሚወለደው እንዲህ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሊታወቅ የሚገባው ቁም ነገር አለ። ካርቦን ያነሰው እምብርት ሲቀዘቅዝ መለወጥ የሚጀምረው ገና ከ400 ዲግሪ በላይ ሳለ ሲሆን፣ ካርቦን የጠጣው ቅርፊት ግን ወደ 200 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች እስኪወርድ ይዘገያል። ማርቴንሳይት ሲፈጠር ስለሚያብጥ፣ መጨረሻ ላይ የሚለወጠው ቅርፊት አስቀድሞ በደረቀው እምብርት ላይ ለማበጥ ሲሞክር ተጨምቆ ይቀራል። የተጨመቀ ገጽ በተደጋጋሚ ጭነት ስንጥቅ እንዳይጀምርበት ይቋቋማል። የዚህ ዘዴ ጥቅም መፋተግን በመቋቋም ብቻ የማይወሰነው፣ የብረት ድካምንም የሚያዘገየው ስለዚህ ነው።

ብረቱን መምረጥ

ለዚህ ሥራ የሚስማማው ከ0.10 እስከ 0.25 ከመቶ ካርቦን ያለው ብረት ነው። ከዚህ በላይ ካርቦን ያለው ከሆነ እምብርቱም አብሮ ስለሚጠነክር የቻይነቱ ጥቅም እየጠፋ ይሄዳል። ተራ የካርቦን ብረት በቂ ጥንካሬ እንዲያገኝ በውሃ ወይም በጨው ውሃ መነከር አለበት፤ በዚህ ጊዜ ረጅምና ቀጭን አካል ሊጣመም ይችላል። ጥቂት ክሮሚየም፣ ማንጋኒዝ ወይም ኒኬል ያለባቸው ብረቶች፣ ለምሳሌ በአሜሪካ አሰያየም 8620፣ በአውሮፓ አሰያየም 16ኤምኤንሲአር5 የሚባሉት፣ በዘይት ቢነከሩም ስለሚጠነክሩ የመጣመምና የመሰንጠቅ አደጋቸው ያንሳል። ዕቃው ውስብስብ ቅርጽ ካለው ወይም ስብራቱ አደጋ የሚያስከትል ከሆነ እነዚህን መምረጥ ተገቢ ነው።

ምንነቱ ያልታወቀ ብረት ሲያጋጥም በመሳያ ድንጋይ ላይ የሚፈነጥቀውን ብልጭታ ማየት ይረዳል። ካርቦን ያነሰው ረጃጅምና እምብዛም የማይፈነዳ ጭረት ያወጣል፤ ካርቦን የበዛው ግን አጠር ብሎ ጫፉ ላይ እንደ ኮከብ የሚበተን ብዙ ፍንጣሪ ያሳያል። ካርቦኑ በሚታወቅ ብረት አጠገብ እያነጻጸሩ ማየት ከሁሉ ይሻላል። ብረቱ 0.45 ከመቶ አካባቢ ካርቦን ያለው ሆኖ ከተገኘ ካርቦን መመገብ አያስፈልገውም፤ ገጹን ብቻ በኦክሲ አሲቲሊን ነበልባል ወይም በኤሌክትሪክ ኢንዳክሽን በፍጥነት አግሎ ወዲያው በውሃ ማቀዝቀዝ ይበቃዋል። ዚንክ የተለበጠበትን ብረት ግን ልባጩ ሙሉ በሙሉ ሳይወገድ ወደ ምድጃ ማስገባት አይገባም፤ ጭሱ ይመርዛል።

ዕቃውን ማዘጋጀት

ሹል ጠርዝና ደረቅ ማዕዘን የስንጥቅ መነሻ ናቸው። ካርቦኑ ከሁለት አቅጣጫ ስለሚገባ ጠርዙ ከሚገባው በላይ ይጠጣል፤ ሲነከርም ቀድሞ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ የውጭ ጠርዞችን በሞረድ ሰበር ያድርጉ፤ ዲያሜትር በሚለወጥበት የውስጥ ማዕዘን ላይም ክብ ሽግግር ይተዉ። ከሥራው በኋላ በመሳያ ድንጋይ የሚስተካከል ገጽ ካለ በየጎኑ ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊሜትር ትርፍ ያስቀሩ። ከዚህ የበለጠ ትርፍ መተው ጥንቃቄ ቢመስልም፣ በኋላ የሚሞረደው ከሁሉ ጠንካራው የቅርፊቱ ክፍል ስለሆነ የተደከመበትን ነገር መልሶ መጣል ነው።

ዘይት፣ ዝገትና የተቃጠለ ልጣጭ ያለበት ቦታ ካርቦኑን ወጥ ሆኖ አይጠጣም። ዕቃውን በቅባት አስወጋጅ ይጠቡ፤ በብርጭቆ ወረቀት ወይም በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፤ ሙሉ በሙሉ ያድርቁት፤ ከዚያ በኋላም በባዶ እጅ አይንኩት። እንደ ብሎን ጥርስ ያሉ በኋላ የሚቆረጡ ወይም ለስላሳ ሆነው መቅረት ያለባቸው ክፍሎች ካሉ መዳብ መለበጥ ካርቦኑን ይከለክላል። መዳብ መለበጥ ካልተቻለ ግን በዚያ ቦታ ላይ ከቅርፊቱ ጥልቀት የሚበልጥ ትርፍ ብረት ትቶ፣ ካርቦን ከተመገበ በኋላ ሳይነከር በፊት በቶርኖ ማንሳት እኔ የምመርጠው መንገድ ነው፤ ምክንያቱም የሚወሰነው በሚለካ ነገር ላይ እንጂ ካርቦኑን እንዲከለክል በሚቀባ ቀለም ወይም ጭቃ መልካም ፈቃድ ላይ አይደለም።

የምስክር ዘንጎቹም በዚህ ጊዜ ይዘጋጃሉ። ከዕቃው ጋር አንድ ዓይነት ከሆነ ብረት፣ የሚቻል ከሆነም ከዚያው ቁራጭ፣ 6 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያላቸው አራት ወይም አምስት ዘንጎች ይቁረጡ። ወደ ሳጥኑ መሃል የሚደርሱና ጫፋቸው በሳጥኑ ግድግዳ ቀዳዳ ወደ ውጭ ወጥቶ በጉጠት ሊያዝ የሚችል ይሁኑ። የተለየ ብረት እንደ ምስክር መጠቀም ግን ከንቱ ነው፤ ምስክሩ የሚናገረው ስለ ራሱ ብረት ብቻ ነውና።

ድብልቁና ሳጥኑ

ከሰሉ ከጠንካራ እንጨት የተገኘ፣ ደረቅና ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር በሚሆን መጠን የተሰበረ ይሁን። ዱቄቱን በወንፊት ያስወግዱ፤ ዱቄት የበዛበት ድብልቅ ጋዙ እንደልብ እንዳይዘዋወር ያደርጋል። ከሰል ብቻውን ቢሠራም አዝጋሚና ወጥነት የጎደለው ስለሆነ፣ በክብደት ከ10 እስከ 20 ከመቶ የሚሆን ካርቦኔት ይጨመርበታል። ካርቦኔቱ ሲግል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየለቀቀ ዑደቱን ያፋጥነዋል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ባሪየም ካርቦኔት ነው፤ ነገር ግን መርዛማ ስለሆነ በአነስተኛ ወርክሾፕ ባይገባ ይሻላል። ሶዲየም ካርቦኔትንና የተፈጨ የኖራ ድንጋይን ቀላቅሎ መጠቀም ለጤና የተሻለ ከመሆኑም በላይ ለአብዛኛው ሥራ በቂ ነው። ሳያናይድ የተባለ መርዝ ባለበት የቀለጠ ጨው ውስጥ ገጽን ማጠንከር የሚባለውን ዘዴ ግን ልዩ መሣሪያና ሥልጠና በሌለበት ማንም ሊሞክረው አይገባም፤ ጥቂት ስህተት ሕይወት ይቀጥፋል።

ያገለገለ ድብልቅ አይጣልም። ከ3 እስከ 5 እጅ ያገለገለውን ከ1 እጅ አዲስ ጋር መቀላቀል እንዲያውም የተረጋጋ ውጤት ይሰጣል፤ አዲስ ድብልቅ ብቻ ሲሆን ገጹ ከመጠን በላይ ካርቦን ሊጠጣ ይችላልና።

ሳጥኑ ለዕቃው ተመጣጣኝ መሆን አለበት። ከሰል ሙቀትን በደንብ ስለማያስተላልፍ ትልቅ ሳጥን መሃሉ እስኪግል ብዙ ሰዓት ይፈጃል፤ በዚያ ጊዜ ዳር ያለው ዕቃ ብዙ ካርቦን ሲጠጣ መሃል ያለው ገና ይጀምራል። ከታች ቢያንስ 25 ሚሊሜትር የድብልቅ ንጣፍ ያስቀምጡ፤ ዕቃዎቹን እርስ በርሳቸውም ሆነ ከግድግዳው ቢያንስ 25 ሚሊሜትር ያራርቁ፤ በየደረጃው ሳጥኑን ቀስ ብለው እየመቱ ድብልቁ ክፍተት ሳይተው እንዲሞላ ያድርጉ፤ ከላይም 50 ሚሊሜትር ያህል ይሸፍኑ። ከሰሉ በሙቀት ስለሚያንስ፣ ከላይ ያለው ንጣፍ ከሳሳ ዕቃው ገላጣ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ረጃጅም ዕቃዎች በራሳቸው ክብደት እንዳይጎብጡ ቀጥ ብለው ይቁሙ። ክዳኑንና የምስክር ዘንጎቹ የወጡባቸውን ቀዳዳዎች እሳት በሚችል ሸክላ ይለስኑ፤ ልስኑም ሳጥኑ ምድጃ ከመግባቱ በፊት ቀስ ብሎ ይድረቅ።

ማጋልና ሰዓት መቁጠር

ከሳጥኑ የሚያመልጠው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ ስለሆነ ምድጃው አየር በሚገባ በሚዘዋወርበት ቦታ መሆን አለበት። ይህ ምክር ሳይሆን ግዴታ ነው።

የቅርፊቱ ጥልቀት ከሰዓቱ ጋር እኩል አያድግም። ካርቦኑ በገባ ቁጥር የሚቀጥለው የሚጓዘው መንገድ እየረዘመ ስለሚሄድ፣ ጥልቀቱ የሚያድገው በሰዓቱ ዳግም ዘር፣ ማለትም በስኩዌር ሩቱ ነው። በ925 ዲግሪ ላይ ጠቅላላው ጥልቀት በሚሊሜትር 0.635 ሲባዛ በሰዓቱ ዳግም ዘር ያህል ይሆናል። ስለዚህ በ1 ሰዓት 0.6 ሚሊሜትር ያህል፣ በ4 ሰዓት 1.3 ያህል፣ በ9 ሰዓት ደግሞ 1.9 ያህል ይገኛል። ጥልቀቱን እጥፍ ለማድረግ ሰዓቱ አራት እጥፍ መሆን እንዳለበት ልብ ይሏል።

ለምሳሌ የሚፈለገው ቅርፊት 1 ሚሊሜትር፣ በኋላ የሚሞረደው ትርፍ ደግሞ 0.15 ሚሊሜትር ቢሆን፣ የሚታሰበው ጥልቀት 1.15 ሚሊሜትር ነው። ይህ ለ0.635 ሲካፈል 1.81 ይሆናል፤ 1.81 በራሱ ሲባዛ 3.3 ሰዓት ያህል ይሰጣል። ይኸው ሥራ በ870 ዲግሪ ቢሠራ ማባዣው ወደ 0.457 ስለሚወርድ ከ6 ሰዓት በላይ ይፈጃል። የ55 ዲግሪ ልዩነት ሰዓቱን እጥፍ ሊያደርሰው ተቃረበ ማለት ነው። ሙቀትን በዓይን መገመት አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ በጨለማ ክፍል ብርቱካናማ የሚመስለው ብረት በብርሃን ውስጥ ደብዘዝ ያለ ቀይ ሊመስል ይችላል። ቴርሞካፕል (በሽቦ የሚሠራ የሙቀት መለኪያ) ይጠቀሙ፤ ከተቻለም ጫፉን ወደ ሳጥኑ ውስጥ ያስገቡት፤ ምድጃው የደረሰበት ሙቀትና የሳጥኑ መሃል የደረሰበት ሙቀት አንድ አይደሉምና። ሙቀቱን ከ950 ዲግሪ በላይ አሳልፎ ሰዓቱን ለማሳጠር መሞከርም አይገባም፤ የብረቱ ቅንጣቶች እያበጡ ስብራትን የመቋቋም አቅሙን ይቀንሱታል።

ስሌቱ መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። የከሰሉ ዓይነት፣ የሳጥኑ ስፋትና የእሽጉ ጥራት ውጤቱን ይለውጡታል። ሰዓቱ መቆጠር የሚጀምረው የሳጥኑ መሃል ከታሰበው ሙቀት ሲደርስ ሲሆን፣ ከታሰበው ጊዜ ግማሽ ያህሉ ሲያልፍ የመጀመሪያውን ዘንግ በጉጠት ስበው ያውጡ፤ ቀዳዳውን ወዲያው በሸክላ ይድፈኑ። ዘንጉን ቀጥታ በውሃ ይንከሩና በጨርቅ ጠቅልለው በሞርሳ ይዘው በመዶሻ ይስበሩት፤ የዓይን መከላከያ መነጽር አይርሱ። በስብራቱ ዙሪያ ደቃቅና ግራጫ ቀለበት፣ በመሃል ደግሞ ሻካራና ብሩህ ወይም ቃጫ የመሰለ እምብርት ይታያል። የቀለበቱን ውፍረት በማጉያ መነጽር እያዩ በመለኪያ ይለኩ። በ1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ 0.6 ሚሊሜትር ከተገኘ፣ ማባዣው በእርስዎ ምድጃ 0.635 ሳይሆን 0.465 ነው ማለት ነው፤ የቀረውን ሰዓት በዚህ መሠረት ያስተካክሉ። ይህ ቁጥር ከተጻፈ ለሚቀጥለው ሥራ ከማንኛውም ሠንጠረዥ የበለጠ ይረዳል።

እንደገና ማጋል ወይስ በቀጥታ መንከር

ሰዓቱ ሲያልቅ ዕቃውን ከሳጥኑ አውጥቶ በቀጥታ መንከር ይቻላል፤ ጊዜም ይቆጥባል። ይሁን እንጂ ትኩስ ሳጥን ከፍቶ ዕቃ በዕቃ እየለቀሙ ማውጣት አንዱን በ900፣ ሌላውን በ750 ዲግሪ መንከርን ያስከትላል፤ ለረጅም ሰዓት የጋሉት ቅንጣቶችም እንዳበጡ ይቀራሉ። ስለዚህ በሳጥን ለተሠራ ሥራ ሳጥኑ እንደታሸገ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መተውና ሌላ ጊዜ እንደገና አግሎ መንከር የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ። ቀዝቅዞ የወጣው ዕቃ ገና ለስላሳ ስለሆነ ትርፍ የተተወባቸው ክፍሎች በቶርኖ የሚነሡትም በዚህ ጊዜ ነው።

ዋናው ፍላጎት መፋተግን መቋቋም ብቻ ከሆነ፣ ተራውን የካርቦን ብረት አንድ ጊዜ ከ780 እስከ 800 ዲግሪ አግሎ መንከር ይበቃል። ይህ ሙቀት ለቅርፊቱ ተስማሚ ነው፤ ካርቦን ላነሰው እምብርት ግን ስለሚያንሰው ቅንጣቱን ሙሉ በሙሉ አያድሰውም። ከባድ ምት ለሚሸከም ዕቃ መጀመሪያ ከ880 እስከ 900 ዲግሪ አግሎ በዘይት መንከር እምብርቱን ያድሰዋል፤ ቀጥሎ ከ770 እስከ 780 ዲግሪ አግሎ ሁለተኛ መንከር ቅርፊቱን ያደቅቀዋል። ሁለት ጊዜ መንከር ግን የመጣመሙን ዕድል ስለሚያሳድገው ሳያስፈልግ አይደረግም። ማግኔት ለማረጋገጫ ይረዳል፤ ብረት ከ770 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ማግኔት አይስበውም። መሳቡን ካቆመ በኋላ ጥቂት ብቻ ጨምሮ ለቅርፊቱ የሚበቃው ሙቀት ላይ ይደረሳል።

በዚህ ሁለተኛ ማጋል ጊዜ ብዙ ሰው የሚያጠፋው አንድ ነገር አለ። ብዙ ሰዓት ተለፍቶበት የገባው ካርቦን ክፍት በሆነ ምድጃ ውስጥ ከአየር ጋር ተቃጥሎ ከገጹ ሊወጣ ይችላል፤ ዕቃው ከተነከረ በኋላ በገጹ ላይ ስስ ለስላሳ ንጣፍ ይገኝበታል። ዕቃውን ባገለገለ ከሰል ውስጥ ቀብሮ ማጋል ወይም በቀጭን የብረት ቆርቆሮ ውስጥ ከጥቂት ከሰል ጋር ጠቅልሎ ማስገባት ይህንን ይከላከላል።

መንከር

የጨው ውሃ፣ ውሃና ዘይት በማቀዝቀዝ ኃይላቸው በዚህ ቅደም ተከተል ይመጣሉ። ትኩስ ብረት ተራ ውሃ ውስጥ ሲገባ በመጀመሪያ በእንፋሎት ሽፋን ይከበባል፤ ሽፋኑ ሙቀት እንዳይወጣ ስለሚከላከል በተቀመጠባቸው ቦታዎች ላይ ብረቱ ሳይጠነክር ይቀራል። በክብደት ከ5 እስከ 10 ከመቶ ጨው መጨመር ይህንን ሽፋን በቶሎ ይሰባብረዋል፤ ነጠብጣብ ሆኖ የሚታየውን ልስላሴም ያስወግዳል። የጨው ውሃ ከተጠቀሙ በኋላ ግን ዕቃውን በንጹሕ ውሃ መጠብ ከዝገት ያድነዋል። ቀዝቃዛ ዘይት ፈጣን ይመስላል እንጂ ስለሚወፍር ሙቀቱን ቀስ ብሎ ነው የሚወስደው፤ ከ50 እስከ 70 ዲግሪ የሞቀ ዘይት ይመረጣል። ለ1 ኪሎግራም ብረት ቢያንስ 8 ሊትር ያህል ዘይት ይኑር። አንድ ኪሎግራም ብረት ከ800 ዲግሪ በላይ ሲገባበት የዚህን ያህል ዘይት ሙቀት በ40 ዲግሪ ገደማ ስለሚጨምረው፣ ትንሽ ዘይት ብዙ ብረት ከገባበት ሊቀጣጠል ይችላል። የብረት ክዳን በአጠገብ ይቀመጥ፤ በተቀጣጠለ ዘይት ላይ ውሃ ፈጽሞ አይደፋም። ዘይቱ ውስጥ የገባ ጥቂት ውሃም በድንገት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ዘይቱን ሊያስፈነጥረው ስለሚችል፣ እርጥብ ጉጠትና ውሃ የቋጠረ ቀዳዳ ያለው ዕቃ አይገባም።

ረጅም ዕቃ ቁልቁል በቀጥታ ይግባ፤ በጎኑ የገባ ይጎብጣል። ከገባ በኋላም ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀስ እንጂ ወደ ጎን አይማሰል፤ በአንድ ጎን ቀድሞ የሚቀዘቅዝ ብረት ወደዚያው ይጣመማልና። ከምድጃው እስከ መንከሪያው ያለው ርቀት ጥቂት እርምጃ ብቻ ይሁን፤ ቀጭን ዕቃ በሰከንዶች ውስጥ ብዙ ሙቀት ያጣል።

ማለዘብ

የተነከረ ዕቃ እጅ በሚችለው ሙቀት ላይ ሲደርስ ሳይውል ሳያድር ይለዝባል። አዲስ የተፈጠረ ማርቴንሳይት በውጥረት የተሞላ ስለሆነ፣ ሌሊቱን ያለማለዘብ የተቀመጠ ዕቃ ማንም ሳይነካው ሊሰነጠቅ ይችላል። ከ150 እስከ 200 ዲግሪ ባለው ሙቀት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ማቆየት ጥንካሬውን እምብዛም ሳይቀንስ ውጥረቱን ያቀልለታል። በ150 የለዘበ ዕቃ ለመፋተግ፣ በ200 የለዘበ ደግሞ ምት ላለበት ሥራ ይሻላል። በተወለወለ ገጽ ላይ ፈዛዛ የገለባ ቀለም ከታየ ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ ማለፍ ጀምሯልና ይጠንቀቁ።

ውጤቱን መመርመር

አዲስ ሞረድ በጠርዝ ላይ ሲገፋ ሳይነክስ ከተንሸራተተ ገጹ ወደ 60 ሮክዌል ሲ ተጠግቷል ማለት ነው። ሞረዱን በአንድ ቦታ ብቻ ሳይሆን በዕቃው ዙሪያ ሁሉ ይሞክሩት፤ በአንዳንድ ቦታ ብቻ የሚነክስ ከሆነ ችግሩ የእንፋሎት ሽፋን ወይም ልጣጭ ነው፤ በየቦታው በስሱ ነክሶ ከዚያ የሚንሸራተት ከሆነ በሁለተኛው ማጋል ጊዜ ካርቦን አምልጧል፤ ጨርሶ በጥልቀት የሚነክስ ከሆነ ግን ወይ ካርቦኑ አልገባም፣ ወይ ሲነከር ሙቀቱ አልበቃም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ለመለየት አብሮ የወጣውን የምስክር ዘንግ በተረጋገጠ 800 ዲግሪ አግሎ በጨው ውሃ መንከር ይበቃል፤ ምስክሩ ከጠነከረ ጥፋቱ በመንከሪያው ሙቀት ላይ ነው።

ለዕቃው የሚጠበቀው ጥንካሬ ከተለዘበ በኋላ ከ58 እስከ 62 ሮክዌል ሲ ነው። መለኪያ ማሽን ያለው ሰው ግን አንድ ነገር ያስተውል፤ ሮክዌል ሲ በ150 ኪሎግራም ጭነት ስለሚጫን ቅርፊቱ ስስ ከሆነ መርፌው እስከ ለስላሳው እምብርት ድረስ ተሰምቶት ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ለስስ ቅርፊት በ60 ኪሎግራም የሚሠራው ሮክዌል ኤ ወይም በትንሽ ጭነት የሚለካው ቪከርስ ይሻላል።

ጥንካሬው ከፍ ያለ ሆኖ ጠርዞቹ የሚፈረፈሩ ከሆነ ገጹ ከመጠን በላይ ካርቦን ጠጥቷል። ተገቢው የገጽ ካርቦን ከ0.8 እስከ 1.0 ከመቶ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ሲሆን ተሰባሪ የካርባይድ (የብረትና የካርቦን ውህድ) መረብ በቅንጣቶቹ ዙሪያ ይሠራል፤ ከፊሉ ኦስቴናይትም ሳይለወጥ ቀርቶ ጥንካሬውን ያወርደዋል። መድኃኒቱ ለሚቀጥለው ጊዜ የአዲሱን ድብልቅ ድርሻ መቀነስ ነው።

የቀረው የተተወውን ትርፍ በመሳያ ድንጋይ ማንሳት ብቻ ነው፤ ብዙ መልካም ሥራ የሚበላሸው ግን እዚህ ላይ ነው። ጠንከር ተደርጎ የተጫነ ድንጋይ ገጹን በቅጽበት ከማለዘቢያው ሙቀት በላይ ስለሚያግለው፣ ቅርፊቱ ወይ ይለሰልሳል ወይ በዓይን በማይታይ የስንጥቅ መረብ ይሸፈናል። ለስለስ ያለ ማያያዣ ያለው፣ ፊቱ በየጊዜው የሚታደስ ድንጋይ ይምረጡ፤ በእያንዳንዱ ዙር ከ0.01 ሚሊሜትር እምብዛም ያልበለጠ ያንሱ፤ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ሳይቋረጥ ይፍሰስ። ገጹ ላይ ቡናማ ወይም ሰማያዊ ጥላ ብቅ ካለ ወዲያው ያቁሙ፤ ጥላውን ሞርዶ ማጥፋት ከሥሩ ያለውን ጉዳት አያጠፋውምና፣ እዚያ ቦታ ላይ በሞረድ ጠርዝ እንደገና ፈትነው ካልነከሰ ብቻ ሥራውን ይቀጥሉ።